መሄጃው ረጅም፣ መመለሻው አጭር

ሐዋሳ ላይ «አሜሪካ ልሄድ ነው» ካላችሁ፣ ከ«እንኳን ደስ አለህ» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚል ነው። ኪሎ ሜትሩ ያሳሰበው አንድም ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ስለሚያጓጓኝ ለካሁት። ከሐዋሳው ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ተነስታችሁ ዋሽንግተን አጠገብ እስካለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ብትበሩ 11,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከሩቡ ያልፋል። ችግሩ ከሐዋሳ ተነስቶ አትላንቲክን የሚሻገር አውሮፕላን አለመኖሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሌላው።

አዲስ አበባ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ነው። ሻንጣዬ ስለከበደ በአባዱላ ሄድኩ። ሾፌሩ «በአራት ሰዓት ቦሌ ነህ» አለኝ፤ የሾፌር አራት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሻሸመኔን ለማለፍ ብቻ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ በግ ነጂና የጭነት መኪና በየተራ አሳለፍን። አርሲ ነገሌ፣ ላንጋኖ መገንጠያ፣ ቡልቡላ እያልን ባቱ (የድሮዋ ዝዋይ) ስንደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ከባቱ እስከ ሞጆ የተዘረጋው የፍጥነት መንገድ ከሞጆ በኋላ ካለው የአዳማ–አዲስ አበባ መንገድ ጋር ይገናኛልና መኪናው ሳይቆራረጥ መብረር ጀመረ። አምስት ሰዓት ፈጀብን። ቦሌ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ በዚሁ ፍጥነት እስከ ዋሽንግተን ብንነዳ ሌት ተቀን ሳናቆም ዘጠኝ ቀን ገደማ ይወስድብን ነበር።

ዘጠኝ ቀን ደግሞ ለቀድሞ ሰዎች ምኞት ነበር። ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ በ1896 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሊዋዋል ሲመጣ፣ ባሕሩን በመርከብ አቋርጦ፣ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር ደርሶ፣ የቀረውን በበቅሎና በግመል ነው የጨረሰው። በ1911 ዓ.ም. በደጃዝማች ናደው መሪነት ወደ አሜሪካ የሄደው የእኛ ልዑክም ባሕሩን የተሻገረው በመርከብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ አትላንቲክን ለመሻገር ግን እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ጠብቋል። ስለዚህ «ወንበሩ ጠበበኝ» ብዬ ላማርር ስል ስኪነርና በቅሎው ትዝ ይሉኛል፤ አፌን እይዛለሁ።

ትኬቴ ላይ የተጻፈው መነሻ 22:30 ነው፤ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከይርጋለም ነው የመጡት፤ ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ ያለችው ልጃቸው ወልዳ ሊያርሱ ይሄዳሉ። ሻንጣቸው ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ አንዲት ግራም ሳያልፍ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎና በሶ አለው። ቋንጣ ግን የለበትም፤ ሥጋ እንደማይገባ ልጃቸው በስልክ አጥብቃ ነግራቸዋለች። «አራስ ያለ ሥጋ!» አሉ እያዘኑ። ከዚያ ወዲያው ጥያቄያቸውን አመጡ።

«አንተ ልጅ፣ አሁን ስንነሳ በቀጥታ ነው?»

«አይደለም እማማ፣ መንገድ ላይ አርፈን ነዳጅ እንሞላለን።»

«ለምን ከዚሁ ሞልቶ አይነሳም? ቦሌ ነዳጅ ጠፋ እንዴ?»

ጥያቄያቸው የእኔም ጥያቄ ነበርና መልሱን አስቀድሜ ፈልጌው ነበር። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። ሐዋሳ እንኳ 1,700 ላይ ናት። እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ሊያነሳው የሚችለው ክብደት ይቀንሳል። ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን የሚይዘው ሙሉ ነዳጅ ብቻውን 100 ቶን ገደማ ይመዝናል። ያን ሁሉ ተሸክሞ ከነሰዉና ከነሻንጣው ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል። ወይ ሰው ይቀንሳል፣ ወይ ነዳጅ። አየር መንገዱ ነዳጁን ይቀንስና መንገድ ላይ ይሞላል። የማረፊያው ከተማ እንደየጊዜው ይለዋወጣል፤ ሮም ነበር፣ ደብሊን ነበር፤ ወደ ኒውዋርክ የሚሄደው ደግሞ በቶጎዋ ሎሜ በኩል ነበር። የእኛ ማረፊያ የአየርላንዷ ደብሊን ነው።

ይህን ሁሉ ካስረዳኋቸው በኋላ እማማ በርበሬያቸውን አሰቡ። «እንግዲህ የእኔ ሁለት ሻንጣም አለበታ!»

አየርላንድን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ «ይህ ዙሪያ ጥምጥም አይደለም ወይ?» የሚል ሐሳብ ነው። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ካርታ ካየነው፣ አሜሪካ ከእኛ በስተ ምዕራብ ነው፤ መንገዱ በኮንጎ አድርጎ በውቅያኖስ ላይ መሆን ነበረበት። ካርታው ግን ያታልላል። አንድ ብርቱካን ወስዳችሁ ከኢትዮጵያ እስከ ዋሽንግተን ክር ወጥሩበት፤ ክሩ ወደ ሰሜን ያዘነብልና ሜዲትራኒያንን አቋርጦ በአውሮፓ ላይ ያልፋል። ከአዲስ አበባ ደለስ በቀጥታ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደብሊን ሲሆን 11,830 ይጠጋል። ልዩነቱ 270 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከሐዋሳ አዲስ አበባ በአባዱላ የመጣሁባት መንገድ ያህል ናት። ይህን ሳውቅ ለሾፌሩ ደውዬ ልነግረው አማረኝ፤ አንተ አምስት ሰዓት የፈጀህባትን ይህ አብራሪ በሃያ ደቂቃ ያልፋታል ብዬ።

ሌሊቱ እንደማንኛውም የአውሮፕላን ሌሊት ነው፤ እራት፣ ጭለማ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ በመተላለፊያው የሚንሸራሸሩ እግራቸው ያበጠ ሰዎች። ከፊቴ ያለው ስክሪን ከፍታ 11,000 ሜትር፣ ፍጥነት 900 ኪሎ ሜትር፣ ውጭ ያለው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 54 ይላል። እማማ ይህን ካነበብኩላቸው በኋላ ነጠላቸውን አጠበቁ።

ደብሊን የደረስነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ማንም አይወርድም፤ ከወንበራችሁ ሳትነሱ ነዳጅ ይሞላል፣ አብራሪዎቹና አስተናጋጆቹ ይቀየራሉ። በመስኮት ያየሁት ካፊያ፣ አረንጓዴ ሜዳና ቢጫ ካፖርት የለበሱ ሠራተኞች ነው። ሰኔ ነው፤ እዚያም እንደ እኛ ይዘንባል ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ። አየርላንድን አይቻለሁ ብዬ ልናገር አልችልም፣ አላየሁም ልልም አልችልም።

ከደብሊን በኋላ ግን አንድ ነገር ሆነ፤ እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። ስንነሳ ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ይሮጣል፣ ጠዋቱም ወደ ምዕራብ ይሮጣል። አንዱ ሌላውን እየተከተለ ለሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ጠዋት ብቻ ሆነ። ፀሐይ እንደ ወትሮዋ አናት ላይ አትወጣም፤ ከኋላችን ዝቅ ብላ ትከተለናለች። እማማ የጠዋት ጸሎታቸውን አደረሱ፤ አንቀላፉ፤ ነቁ፤ በመስኮቱ አዩ። «አሁንም ጠዋት ነው?» አሉ። «አሁንም ጠዋት ነው እማማ።» ጥቂት አሰቡና «እንግዲህ ሁለተኛ ብጸልይ አይጎዳም» ብለው እንደገና ጀመሩ።

ደለስ ስናርፍ እጄ ላይ ያለችው ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር የሞላኋት፣ 9:30 ትላለች። የአዳራሹ ሰዓት 8:30 ይላል። እማማ ሁለቱን አይተው «አንድ ሰዓት ብቻ ነው ልዩነቱ? እኔ ሌላ ዓለም ነው ሲሉኝ!» አሉ። እውነታው የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ፤ ሐዋሳ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ዋሽንግተን ገና ከጠዋቱ ስምንት ተኩል ነው፣ በእነሱ ቆጠራ። እኛ ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ጀምረን ስለምንቆጥር ሰዓታችን ከሌላው ዓለም ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይላል። እነሱ በበጋቸው ሰባት ወደኋላ ናቸው። ስድስቱ ከሰባቱ ሲቀነስ የሚቀረው አንድ ነው። ስለዚህ የሐዋሳ ሰው ዋሽንግተን ሲደርስ የሰዓቱን እጅ አንዲት ቁጥር ብቻ ወደኋላ ያዞራል። ሌላው መንገደኛ ሁሉ ሰዓቱን ሲያሽከረክር እኛ ነካ አድርገን እናልፋለን። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎማ ከዚህም ትብሳለች፤ ከእኛ ልክ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ ሐዋሳ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲል እዚያ ከሌሊቱ ሦስት ነው። ሰዓታችሁን ሳትነኩ ትወርዳላችሁ፤ እንቅልፋችሁ ግን ያውቃታል።

ያ እንቅልፍ «ጄት ላግ» ይባላል፤ ሰውነት በአገሩ ሰዓት ቀርቶ፣ ሰውየው ብቻውን ቀድሞ ሲደርስ የሚመጣ ድካም ነው። መድኃኒቱ ብርሃን ነው አሉኝ፤ ቀን ቀን ውጭ ውጡ፣ ማታ ማታ ተኙ። ለማለት ቀላል ነው። የሰኔ ዋሽንግተን ፀሐይ የምትጠልቀው በእነሱ ከምሽቱ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በሰባት ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ቀኗ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ጨለማው ቀጠሮ ያከብራል። እዚያ ግን በሰኔ ቀኑ አሥራ አምስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ዘጠኝ ተኩል ይወርዳል። ይህ ሳያንሳቸው ሰዓቱን ራሱን በዓመት ሁለት ጊዜ ያንቀሳቅሱታል፤ በማርች አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በኖቬምበር አንድ ሰዓት ወደኋላ። እዚያ የምትኖረው እህቴ «ዛሬ ሌሊት ሰዓት ይቀየራል» ስትለኝ ባትሪ ሊቀየር መስሎኝ የሚለውን ቀልድ አልናገርም፤ ሁሉም ሐበሻ ይናገረዋል።

ወደ ደለስ ልመለስ፤ ከአውሮፕላኑ ወደ ፓስፖርት መቆጣጠሪያው የሚወስዳችሁ ነገር ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። «ሞባይል ላውንጅ» ይሉታል፤ ተንቀሳቃሽ ሳሎን በሉት። ከመሬት በጣም ከፍ ያለ፣ በትልልቅ ጎማ የቆመ ክፍል ነው፤ ወንበር አለው፣ መስኮት አለው፣ ሁላችንንም ጭኖ በሜዳው ላይ እየተንገጫገጨ ይሄዳል። በ1962 እ.ኤ.አ. ለተከፈተው ጣቢያ ኤሮ ሳሪነን የተባለው የሕንፃ ባለሙያ ያሰበው ነው። መንገደኛ ረጅም መተላለፊያ በእግሩ ከሚለካ ሳሎኑ ራሱ አውሮፕላኑ ድረስ ይሂድለት ብሎ። ሳሪነን ሥራው ሲመረቅ አላየም፤ ከዓመት በፊት ሞተ። ሳሎኖቹ ግን ከስልሳ ዓመት በኋላም ይንገጫገጫሉ። ሐዋሳ ላይ ከአውሮፕላን ወርደን በእግራችን ስለምንሄድ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለእኔ ቅንጦት ነው የመሰለኝ። ደግሞ ይኸው ደለስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ድሪምላይነር በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከፋብሪካው ወደ አገሩ ሲሄድ ያረፈበት ነው፤ በአፍሪካም የመጀመሪያው እሱ ነበር።

እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። «ምን ያህል ይርቃል?» ስላት «አርባ ደቂቃ፣ ትራፊክ ካለ አንድ ሰዓት ከሩብ» አለችኝ። አሜሪካኖች ርቀት ሲጠየቁ የሚመልሱት በደቂቃ ነው። ማይል አላቸው፣ አንዱ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን መንገድ ላይ በሰሌዳ ከማየት በቀር ሲናገሩት ብዙ አልሰማሁም። እኛ አገር ባላገሩን ብትጠይቁት «እዚችው ናት» ይላችኋል፣ ግማሽ ቀን ትሄዳላችሁ። እነሱ «አርባ ደቂቃ» ይሏችኋል፣ ሰዓት ተኩል ትቆማላችሁ። የትኛው ይበልጥ እንደሚያናድድ አላውቅም፤ «እዚችው ናት» ቢያንስ ያበረታታል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወዲህ የከተማው ባቡር ደለስ ድረስ ይደርሳል፤ ከነሻንጣ ግን ማን ይጓዛል? የወሰደን ታክሲ ሾፌር የእኛ ሰው ነው። ከየት እንደሆንኩ ሲሰማ «የሐዋሳ ዓሣ እንዴት ነው?» አለ። ስለ ሰውም፣ ስለ ኑሮም ከመጠየቁ በፊት።

ዓሣውን ያነሳው እሱ ስለሆነ እኔም ላንሳው። እህቴ ከፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ወሰደችኝ፤ ከ1805 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ነው። ሻጮቹ ውኃው ላይ በታሰሩ ጀልባ መሰል መደቦች ላይ ናቸው፤ ዓሣው በበረዶ ላይ ተደርድሯል፤ ዋጋው በፓውንድ ነው፣ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የጎደለው መሆኑ ነው። የሐዋሳው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ያደገ ሰው ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ሌላ ነው። ጠዋት ከጀልባ የወረደ ቀረሶ የሚገፍፉት ልጆች የሉም። ለብለብ የለም። አንገቱን ቀብሮ እንደ ሽማግሌ የሚጠብቅ አባ ኮዳ የለም፤ ያሉት የባሕር ወፎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ትንንሽና ሌቦች። ያለው ሸርጣን ነው፤ በሕይወቱ፣ በቅርጫት፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ። «ሲቀቀልም በሕይወቱ ነው» አለች እህቴ። ዋጋውን መጠየቅ ተውኩ። የተቀቀለው ላይ የሚነሰንሱት ቀላ ያለ ቅመም ሚጥሚጣ ይመስላል፤ ቀምሼው ግን ጨው ነው የሚበዛው። ከጎናችን አንድ ቤተሰብ በመዶሻ እየሰበረ ይበላ ነበር። እኔ የተጠበሰ ካትፊሽ አዘዝኩ፤ ካትፊሽ የእኛው አምባዛ ዘመድ ነው። ጥሩ ነው። ግን ዳጣ የለውም።

ከዚያ በኋላ ቡና ልንጠጣ ገባን፤ ከረጢቱ ላይ «ሲዳሞ» ይላል። እኔ በአሥራ ሰባት ሰዓት የደረስኩበትን፣ እሱ በጭነት መኪና ጅቡቲ ወርዶ፣ በመርከብ ሳምንታት ተጉዞ ነው የደረሰው። ስሙም ራሱ ሌላ ጉዞ ነበረው፤ ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር ስትከራከር ቆይታ የተስማሙት በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ጠጣሁት። እጣን ቢኖረው፣ ሦስተኛም ቢኖረው እል ነበር፤ ባለ ካፌው ግን አንድ ስኒ ሰጥቶኝ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

እናታችንን ለማነጋገር ሰዓት መፈለግ ሌላ ሥራ ነው። እህቴ ከሥራ ስትገባ ሐዋሳ ሌሊት ነው። እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ስትጠራ፣ በእኛ አሥር ሰዓት፣ እህቴ ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። የሚገናኙት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ አንዷ በሁለተኛው ስኒ ላይ፣ ሌላዋ ፊቷን ሳትታጠብ። እህቴ ይህን ለምዳዋለች፤ እናቴ ግን «ይህች ልጅ ሁልጊዜ እንደተኛች ነው እንዴ?» ትላለች።

መመለሻው የተለየ ነው፤ ስለ እሱ ነው ዋናው ወሬዬ። ደለስ ከባሕር ወለል መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ ወፍራም ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጁን ይዞ፣ ከነሰዉ፣ ከነ«አገር ቤት ላድርስልህ» ሻንጣው ብድግ ይላል። ከዚያ በላይ በዚህ የምድር ክፍል ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ስንሄድ ከፊት ይገፋናል፣ ስንመለስ ከኋላ ይገፋናል። ሁለቱ ተደማምረው አሥራ ሰባት ሰዓት የፈጀው መንገድ ያለ ማረፊያ በአሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ያልቃል። ያው ሁለት ከተማ፣ በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚለያይ መንገድ። መሄጃው አራት ሰዓት ይረዝማል። የዋሽንግተን ሐበሾች ይህን ያውቁታል፤ «ሲመለሱ ቶሎ ነው» ይላሉ፣ ምክንያቱን ግን ናፍቆት ያደርጉታል። የነዳጅና የነፋስ ነገር መሆኑን ስነግራቸው ትንሽ ቅር አላቸው።

አንድ ነገር ይጎድላል፤ ቀን። ጠዋት ተነስታችሁ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ናችሁ። በመሄጃው የበዛው ጠዋት እዚህ ሒሳቡ ይወራረዳል፤ ምሳ ሳትበሉ ይመሻል፣ እንቅልፍ ሳይወስዳችሁ ይነጋል።

ከቦሌ ሐዋሳ በአባዱላ አልተመለስኩም። ትንሿ ባለ ሁለት ሽክርክሪት አውሮፕላን በሦስት ሩብ ሰዓት ግድም ታደርሳለች፤ የአየሩ መንገድ 215 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከጉዞው ሁሉ አጭሩ ነው፤ እኔ ግን አይኔን ያልከደንኩት በዚሁ ነው። ቆቃ ይመጣል፣ ከዚያ ዝዋይ ከነደሴቶቹ፣ ከዚያ ቡናማው ላንጋኖ፣ ከዓመት ዓመት እየሸሸ ያለው አብያታ፣ ከስምጥ ሸለቋችን ሐይቆች ሁሉ ጥልቅ የሆነው ሻላ፣ በመጨረሻም የእኛው። አምስት ሰዓት ሙሉ በመኪና ስታልፉ ጎናቸውን ብቻ የምታዩዋቸው ናቸው። ወደ ሐዋሳ ስትበሩ ወንበር የምትመርጡ ከሆነ በግራ በኩል ያለውን የመስኮት ወንበር ጠይቁ፤ ከሐዋሳ ስትነሱ ደግሞ በቀኝ በኩል።